ከወደኋላ

መስከረም ሲገባደድ፣ ወይኑ ሲቆረጥ፣
የጎምቦሪን ዳገት ጎህ ሳይቀድ ስሮጥ፣
ሃያ ሣጥን ጭኜ፣
ገበያ ሳይሞላ ትብሊሲ ልገባ በኒቫዬ ታምኜ፣
ሁለተኛው ጥምዝ ላይ፣ ጫካው መሃል ስደርስ፣
ነዳጅ ስረግጥላት ጀመረች ማልቀስ።
ማልቀስስ አይደለም፤
እንደ ደከመ ሰው «እህ» ብላ ነው እንጂ ሌላ ቃል የለም።
አትንኳኳም፣ አትጨስም፣
አትሞትም ደግሞ፤ ግን ወደፊት አትልም።
ሦስተኛ አስገባሁ፣ ወደ ሁለት መለስኩ፣
እግሬን እስከ ወለል ሰደድኩ፤
በረገጥኩ ቁጥር ጉልበቷን ጨረስኩ።
ከኋላዬ ያለው የጭድ ካሚዮን
ጡሩምባ እየነፋ ሰደበኝ፤ እኔን፣ እናቴን፣ ወይኔን።

ዳር ይዤ አጠፋኋት።
ሲጋራ ለኮስኩ፤ ሲያልቅ አስነሣኋት።
እግዜር ያሳያችሁ!
ምንም እንዳልሆነች፣ እንደ ፍየል ሽቅብ ስትዘል ባያችሁ!

ለዳዝሚር ወሰድኳት፣ ቴላቪ መግቢያ ላይ፤
ኮፋኖውን ከፍቶ ትንሽ ጎንበስ ብሎ ሲያይ፣
«ካንዴላ ነው» አለኝ። አራቱም ተቀየሩ።
ዳገቱ ላይ ስደርስ፣ አራቱም አዲሶች ከእኔው ጋር ቀሩ።
ሁለተኛው ኡቻ፣ ኮፋኖውን ከፍቶ ፊልትሮ ለወጠ፣
ኮይሉን አወለቀ፣ መልሶ ገጠመ፣ ሂሳቤን ቆረጠ።
ሦስተኛው ሳቀብኝ፤ ኮፋኖውን ከፍቶ ብዙም አላየ፤
«ወይኑ ከብዷት ነው፤ አርጅታለች፤ ቅበራት» ብሎኝ ተለየ።

ጆንዶን ያገኘሁት በአማቴ ጥቆማ ነው።
ሰባን አልፎታል፤ አንድ ጆሮው ብቻ ነው የሚሰማው።
ጋራዥ እንኳ የለው፤
አንድ የዎልነት ዛፍ ነው ጥላ የሚሰጠው።
ኮፋኖዬን ልከፍት ስጣደፍ፣ በእጁ ከለከለኝ።
«መች ትታመማለች?» አለኝ።
«ሽቅብ፣ ስረግጣት።»
«መች ይሻላታል?» «ቆሜ ሳሳርፋት።»
«አሳርፈህ ስትነሣ?» «እንደ ጤነኛ ናት።»
ዝም አለ። ምላሱን ጉንጩ ውስጥ አዞረ።
በነዳጁ መስመር ላይ ግፊት መለኪያ አሠረ፣
መስታወቱ ላይ በፕላስተር ለጠፈ፣
ጎኔ ቁጭ ብሎ «ንዳ» አለኝ። ሜዳው አለፈ።
መርፌዋ ሦስት ላይ ቀጥ ብላ ቆመች፤
ጥምዙ ላይ ስረግጥ፣ ሁለት… አንድ… አንቀላፋች።
«አጥፋው።»
አጠፋሁት። ደህነኛ ጆሮውን
ለኋላ ወንበር ሰጠ፤ እኔ ደግሞ ቆጠርኩ፣ ወይኔ ላይ ያረፈውን ዝንብ ሁሉን።
«አሁን አስነሣ።» መርፌዋ ተመለሰች፣ ሦስት።
«ሲስቡት የሚያንቅ፣ ሲተዉት የሚለቅ፣
የሞተር ደዌ አይደለም፤
ሰርባቶዮው ውስጥ ነው፤ አንድ ነገር አለ፣ ተኝቶ የሚጠብቅ።»

ወይኑን አወረድን። ኋላዋን ፈታናት።
ፓምፗን ቀስ አድርጎ ከቤንዚን ሲያወጣት፣
ወንፊቷ አፍ ላይ፣ እንደ አልቅት ተጣብቆ፣
መዳፍ የማይሞላ እራፊ ጨርቅ ታየ፣ ጠውልጎ፣ ደቅቆ።
ጆንዶ በሁለት ጣቱ ወደ ፀሐይ ያዘው፤
ሰማያዊ መስመር አለው።

መስመሩን አውቀዋለሁ።
ነሐሴ ላይ፣ ማታ፣ ከሳጋሬጆ ከተማ
ነዳጅ ቀድቼ ወጥቼ፣ ክዳኑን መርሳቴን ሳስታውስ፣ ጨለማ።
የሸሚዜን ጅራት ቀድጄ ወተፍኩበት።
በሳምንቱ ክዳን ገዛሁ፤ ጨርቁን መዘዝኩት፤
ግማሹ ነበር የወጣው።
ሌላውን ግማሽ ማን ልብ ብሎ አየው?
ለዳዝሚር አልነገርኩ፣ ለኡቻም አልነገርኩ፤
ረሳሁት ልበል እንጂ፣ አሁን ሳስበው፣ አፈርኩ።
ሦስት ሰው ከፊቷ ሲፈልግ ሰነበተ፤
ጉድና ጅራት ግን፣ ከወደኋላ ሆኖ፣ እዚያው ተጎለተ።

«የማን ይሆን?» አለኝ።
«እንጃ» አልኩ።
ዓይኑ ግን የለበስኩትን ሸሚዝ፣ ከአንገትጌው ጀምሮ፣
ወረደ መስመር በመስመር ቆጥሮ።
ምንም አልተናገረ።
ጨርቁን ጨመቀና ቅርንጫፍ ላይ ሰጣ፤
ፓምፗን እስኪገጥም ደርቆ እስኪመጣ።
«ጥሩ ጥጥ ነው» አለ፤ የዘይቱን ዘንግ ጠረገበት፣
አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ አንድ ሣጥን ወይንም ወሰደ፣ የድካሙን ዋጋ በሱ አሰበበት።

ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ረገጥኳት፤ ወጣች።
ሌላ የጭድ ካሚዮን ከፊቴ ያዘግማል፤ ደረስኩበት፤
ጡሩምባውን ልነፋ እጄን ዘረጋሁና… ተውኩት።
መስኮቱ ክፍት ነበር፤
ሸሚዜ ካጠረበት፣
ከወገቤ በላይ፣ ጀርባዬን በረደኝ።